ጆናታን ስዊፍትና አዙሪቱ

የጉሊቨርን ጉዞ ጨርሶ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ይኖራል ብለን አንገምትም። ሙሉውን መጽሐፍ ያላነበበ እንኳ፥ ያ ግዙፍ ሰው በባሕር ዳር ተኝቶ ሳለ የስንዝር ሰዎች በክር ጠፍረው ሲያስሩት የሚያሳየውን ሥዕል አይረሳም። የደራሲውን የጆናታን ስዊፍትን ታሪክ የፈለገ ግን ባብዛኛው የሚያገኘው አንድ ገጽ ነው፤ የገጹም መጨረሻ ሰውየው አብዶ ሞተ የሚል ነው። እኛ ክርክር ያለን በዚህ በመጨረሻው ቃል ላይ ነው። ስዊፍት ከሃያ ሁለትና ሃያ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ የታገለው አንድ በሽታ ነበረው፤ እሱም ራስ ማዞር ነው። በሽታው በዘመኑ ስም አልነበረውም፤ ስም ያጣ በሽታ ደግሞ ሰዎች የወደዱትን ስም ይሰጡታል። ስለዚህ የዚህን ሰው ሕይወት በአዙሪቱ በኩል ልንተርከው አሰብን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ስዊፍት የተወለደው ኖቬምበር 30 ቀን 1667 በደብሊን ከተማ ነው። አባቱ እሱ ሳይወለድ ሞቶ ነበርና የሙት ልጅ ሆኖ ወደዚህ ዓለም መጣ። ገና የዓመት ሕፃን ሳለ ሞግዚቱ ለእናቱ ሳትነግር ባሕር አሻግራ ወደ እንግሊዝ አገር፥ ኋይትሄቨን ወደምትባል ወደብ ወሰደችው፤ ሦስት ዓመት ያህልም እዚያው እንደ ቈየ ራሱ በኋላ ጽፏል። ከተመለሰ በኋላ አጎቱ ጎድዊን ወጪውን ችሎ ኪልኬኒ በሚባለው ትምህርት ቤት አስገባው፤ ከዚያም በ1682 ገና በ14 ዓመቱ ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። ኮሌጁ በ1685 የመዘገበው የፈተና ውጤት እስከ ዛሬ አለ፤ ግሪክና ላቲን ደኅና፥ ፍልስፍና መጥፎ፥ ድርሰት በቸልታ የተሠራ ይላል። ከእንግሊዝኛ የስድ ንባብ ጸሐፊዎች ሁሉ ከፊተኞቹ የሚቈጠረው ሰው በድርሰት ቸልተኛ መባሉ ለአንዳንዶቻችን መጽናኛ ሳይሆን አይቀርም። ዲግሪውንም በ1686 ያገኘው በልዩ ቸርነት ተብሎ ነው፤ ይህም በዚያ ኮሌጅ ቋንቋ ምስጋና አልነበረም።

በ1689 አየርላንድ በጦርነት ስትታመስ ስዊፍት ወደ እንግሊዝ ተሻገረና ሰር ዊልያም ቴምፕል ከተባለ ከሥራ የተሰናበተ ታላቅ ዲፕሎማት ዘንድ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። የቴምፕል ርስት ሰሪ በተባለው አውራጃ ያለው ሙር ፓርክ ነበር። በዚያ ቤት እናቷ ከቤቱ ሠራተኞች አንዷ የሆነች ኤስተር ጆንሰን የምትባል የ8 ዓመት ልጅ አገኘ። ያስተማራት እሱ ነው፤ ኋላም ስቴላ ብሎ የጠራትና እስኪሞት ከልቡ ያልወጣችው ሴት እሷ ናት። በሽታውም የያዘው በዚሁ ወራት ነው። ስዊፍት ፍሬ እጅግ ይወድ ነበር፤ ሪችመንድ በተባለው ሥፍራ ሳለ መቶ ያህል ፖም ባንድ ጊዜ በመብላቱ ማዞሩ እንደ ጀመረው ዕድሜውን ሁሉ ያምን ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ጆሮው መድከም ጀመረ፤ ይህንንም ደጅ አሠርቶ ያነብበትና ያሸልብበት በነበረ መቀመጫ ላይ ብርድ መትቶት እንደ ሆነ ቈጠረው። እኛስ ብንሆን ምች ነው፥ ብርድ ነው፥ የበላሁት ነው ማለታችን የት ይቀራል? ሐኪሞቹ ያገሩን አየር ቢቀምስ ይሻለዋል ብለው በ1690 ወደ አየርላንድ ሰደዱት፤ አልተሻለውም፤ በማግሥቱ ዓመት ማዞሩን እንደ ያዘ ወደ ሙር ፓርክ ተመለሰ።

ሁለቱ በሽታዎች፥ ማዞሩና የጆሮው ድካም፥ አንድ መሆናቸውን እሱም ሐኪሞቹም አላወቁም። አንዱ ከሆድ የሚነሣ፥ ሁለተኛው ከብርድ የሚመጣ፥ ለየብቻ የሚታከም መሰላቸው። የስዊፍት መከራ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ስለ ሆነ ትንሽ ቆም ብለን ነገሩን ማየት ይገባናል።

ማዞር የሚለው የአማርኛ ቃላችን ብዙ ነገር ይሸከማል። ከአልጋ ድንገት ብድግ ስንል ዐይናችን ጥቁር ሲል ዞረብኝ እንላለን፤ ጾመን ስንውልም፥ ደም ሲያንሰንም፥ ከፈተና አዳራሽ ስንወጣም ቃሉ ያው ነው። ሐኪም ግን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ዐይንህ ጨለመና ልትወድቅ ምንም አልቀረህም ወይስ ቤቱ ራሱ እንደ እንዝርት ሾረ? የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ የደም ነገር ነው፤ ስንነሣ የደም ግፊት ለቅጽበት ይወርድና ለአንጎል የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ውሃ ያልጠጣ፥ ምግብ ያልቀመሰ፥ ደም ያነሰው ሰው ይህ ቶሎ ያገኘዋል። ሁለተኛው፥ እውነተኛው አዙሪት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከጆሮ ነው። በጆሯችን ውስጠኛ ክፍል፥ ከመስሚያው ጎን፥ የግማሽ ቀለበት መልክ ያላቸው ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ በውስጣቸው ፈሳሽ ሞልቷል። ጠጅ ያለበትን ብርሌ በእጃችን ድንገት ብናዞረው ብርሌው ይዞራል፥ ጠጁ ግን ወደ ኋላ ይቀራል፤ ብርሌውን ስናቆመው ደግሞ ጠጁ መዞሩን አይተውም። ራሳችንን ስናዞር በቱቦዎቹ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ፈሳሹ ወደ ኋላ መቅረቱን ጥቃቅን ፀጉር የመሰሉ ነርቮች ለአንጎል ይነግሩታል። ልጆች ሆነን እየተሽከረከርን ከተጫወትን በኋላ ብንቆምም ምድር መዞሯን ያልተወችው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ራሱ ሳይንቀሳቀስ የአንድ ጆሮ ቱቦ የሐሰት ወሬ ለአንጎል ቢልክ ሰውየው በተቀመጠበት ምድርና ሰማይ ይዞሩበታል፤ ያቅለሸልሸዋል፥ ያስመልሰዋል። ፖሙ በዚህ ሁሉ እጁ የለበትም። ሆኖም ስዊፍት ወዳጆቹ ፍሬ ሲበሉ እያየ እሱ ለዐመታት ከፍሬ ራሱን ሲከለክል ኖረ።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ስዊፍት በ1695 ቄስ ሆኖ ቤልፋስት አጠገብ ኪልሩት በምትባል ደሃ ደብር ተሾመ፤ ሰለቸው፥ ትቶ ወደ ቴምፕል ተመለሰ። ቴምፕል በ1699 ከሞተ በኋላ ላራኮር በተባለች የአየርላንድ መንደር ደብር ተሰጠው፤ ስቴላም ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር መጥታ በአቅራቢያው ተቀመጠች። ተጋብተው ነበር፥ አልተጋቡም የሚለው ክርክር ብዙ ወረቀት ፈጅቷል፤ ማስረጃ የለምና እኛ አንጨምርበትም። በ1704 የበርሜሉ ተረት የተባለውን መጽሐፉን ስሙን ሳይገልጥ አሳተመ።

በዚህ ዘመን ስዊፍት ወጪና ገቢውን በሚጽፍበት ደብተር ላይ አዙሪቱ የመጣበትን ቀን ጭምር ይመዘግብ ነበር። ለዳቦና ለሻማ ያወጣው ገንዘብ ከተጻፈበት ጎን በዚህ ወር ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ሲያዞረው ሰነበተ የሚል ይገኛል፤ አልፎ አልፎም አንዲት አጭር ጸሎት ትከተለዋለች። ከ1710 እስከ 1713 ለንደን ተቀምጦ በንግሥት አን ሚኒስትሮች ዘንድ ታላቅ ተሰሚነት ባገኘበት ጊዜም ለስቴላና ለጓደኛዋ በየቀኑ ይጽፍ ነበር፤ ከሚኒስትር ጋር ራት ከመብላቱ ወሬ ጋር የራሱ ነገርም አብሮ ይጻፋል። በኦክቶበር 1710 መጨረሻ አንድ ቀን ጧት ከአልጋው ላይ ቁጭ እንዳለ ክፍሉ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዞሮበት ከዚያ በኋላ እንደ ተወውና ጥቂት እንዳቅለሸለሸው ይተርካል። ይህን ያነበበ የዛሬ ሐኪም ጆሮውን ያቆማል። ምክንያቱም ከማዞር ምክንያቶች ሁሉ በጣም የተለመደው እንዲህ ያለው ነው፤ ሰው በአልጋው ሲገላበጥ፥ ከመኝታው ቀና ሲል ወይም ከመደርደሪያ ላይ መጽሐፍ ለማውረድ አንጋጦ ሲያይ ይመጣና ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሄዳል። በውስጠኛው ጆሮ ከኖራ ድንጋይ ዘር የሆኑ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉ፤ ሚዛን ለመጠበቅ የተሰጡን ናቸው። እነዚህ በዕድሜ ወይም ራስ በመመታት ከሥፍራቸው ተነቅለው ከቱቦዎቹ ወደ አንዱ ሲገቡ ፈሳሹን ያለ ጊዜው ይገፉታል። የቪየናው ሐኪም ሮበርት ባራኒ ስለዚህ ዐይነቱ ማዞር በ1921 ጽፏል። ይህ ባራኒ በጆሮ ሚዛን ጥናቱ የተሰጠው የ1914 የኖቤል ሽልማት ወሬ የደረሰው በሩስያ የጦር እስረኞች ሰፈር ሳለ ነበር፤ የእሱ ሕይወት ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። ዛሬ ሐኪም የበሽተኛውን ራስ በተራ በተወሰነ አቅጣጫ እያዞረ ቅንጣቶቹን ወደ ቤታቸው ይመልሳቸዋል፤ ኤፕሊ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1992 በጽሑፍ ያወጣው ዘዴ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል፥ ክኒንም አያስፈልገውም።

ነገር ግን የስዊፍት በሽታ በዚህ ብቻ አይገለጥም። የእሱ አዙሪት ብዙውን ጊዜ ደቂቃ ሳይሆን ሰዓት ይቈያል፤ እየተመላለሰም ሳምንት ሙሉ ያንገላታዋል፤ ከሁሉም በላይ ጆሮውን አብሮ ይይዘዋል። ብዙ ባሕሮች ባንድ ጊዜ የሚያገሱ ያህል ጆሮው ይጮህ እንደ ነበረ ጽፏል። ድንቁርናው መጥቶ ይሄዳል፤ ሲሄድ ደስ ይለዋል፥ ሲመለስ ከሰው ይሸሻል። ከንግሥቲቱ ሐኪምና ከልብ ወዳጁ ከዶክተር አርበትኖት ጀምሮ ብዙ ሐኪሞች ብዙ መድኃኒት አዘዙለት፤ መራራ ጠጣ፥ ክኒን ዋጠ፥ አስመለሰ። ራሱ ያመነበት መድኃኒት እንቅስቃሴ ነበር፤ በእግሩ ብዙ ይሄዳል፥ በፈረስ ይጋልባል፤ ዝናብ ሲከለክለው የቤቱን ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል።

ሌሎቹን ምክንያቶች በፍጥነት እንለፋቸው። የሚዛን ነርቭ ሲቆጣ፥ ብዙ ጊዜም ከጉንፋን በኋላ፥ ቀናት የሚቈይ ብርቱ አዙሪት ይመጣል፥ ጆሮ ግን መስማቱን አይተውም። ከፊል ራስ ምታት ያለበት ሰውም ያዞረዋል። ለሳንባ ነቀርሳ ብዙ ሰው ያዳነው የስትሬፕቶማይሲን መርፌ የጆሮን ሚዛን የሚጎዳበት ጊዜ አለ፤ ከዳኑት መካከል በጨለማ ለመሄድ የተቸገሩ አሉ። መጠጥ ምን እንደሚያደርግ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን በቀልድ አይታለፍም፤ ማዞሩ ከአንደበት መያዝ፥ ከእጅ ወይም ከእግር መስነፍ፥ ነገር ሁለት ሆኖ ከመታየት ጋር ከመጣ የጆሮ ሳይሆን የአንጎል ደም ሥር ሊሆን ይችላልና በሽተኛው በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

ስዊፍት ለሚኒስትሮቹ ብዙ ሠርቶ በእንግሊዝ አገር ጳጳስነት ሲጠብቅ ያገኘው በ1713 የደብሊን የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ዲንነት ነው፤ በእኛ አነጋገር የደብር አለቃ ሆነ ማለት ነው። ንግሥት አን በ1714 ስትሞት ወዳጆቹ ከሥልጣን ወደቁ፤ አለቃ ስዊፍትም እንደ ስደት በቈጠረው በተወለደበት ከተማ ተቀመጠ። ሰዎች በዚህ ኀዘን ደርቆ ይቀራል ብለው ገምተው ነበር፤ አልቀረም። በ1722 ዊልያም ዉድ የተባለ ነጋዴ ለአየርላንድ የመዳብ ሳንቲም እንዲሠራ ከለንደን ፈቃድ ተሰጠው፤ አየርላንዳውያን አልተጠየቁም። በ1724 ስዊፍት ራሱን የጨርቅ ነጋዴ አስመስሎ ለባለሱቁ፥ ለገበሬው፥ ለሠራተኛው በሚገባ ቋንቋ ደብዳቤዎች እያሳተመ ሳንቲሙን ማንም እንዳይቀበል ቀሰቀሰ። መንግሥት የጸሐፊውን ስም ለሚጠቁም 300 ፓውንድ እከፍላለሁ አለ። ደብሊን ሁሉ ጸሐፊውን ያውቅ ነበር፤ 300 ፓውንድ የሚቀበል ግን አንድ ሰው አልተገኘም። በ1725 ፈቃዱ ተሰረዘ። የከተማው ሕዝብ ከዚያ ጀምሮ እሱን የሚያየው እንደ አባት ነበር፤ እሱም ለድሃ የእጅ ሠራተኞች ያለ ወለድ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ያበድር፥ ከገቢውም ብዙውን እጅ ይመጸውት ነበር።

የጉሊቨር ጉዞ የታተመው ከዚህ በኋላ በኦክቶበር 1726 ነው። አብዶ ሞተ የሚሉት ሰዎች መጽሐፉንም የእብደቱ መጀመሪያ አድርገው ያዩታል፤ በተለይ ፈረሶች የሚነግሡበትን አራተኛውን ክፍል። እኛ ግን መጽሐፉን እንደገና ስናነብ ያየነው እብድ ሳይሆን ሚዛኑን ለመጠበቅ የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ጉሊቨር በግዙፎቹ አገር ገበታ ላይ ሲያስቀምጡት ገበታው ከመሬት 30 ጫማ ከፍ ያለ ነውና እንዳይወድቅ ፈርቶ ከጠርዙ ይሸሻል፤ ንስር ሳጥኑን ነጥቆ ወደ ሰማይ ይዞት ይበራል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስም የነገሩን ሁሉ መጠን ለመልመድ ይቸገራል። በላፑታ፥ በአየር ላይ በምትንሳፈፈው ደሴት፥ ሊቃውንቱ በሐሳብ ስለሚጠፉ ጆሯቸውንና አፋቸውን በበትር ጫፍ በታሠረ ጠጠር ባለበት ፊኛ መታ መታ የሚያደርጉ አሽከሮች አሏቸው። ይህን የጻፈው ጨዋታ ሲወድ ከጨዋታ የተለየ፥ ከጆሮው አጠገብ ካልጮኹለት የማይሰማ ሰው ነው። ሊቃውንቱን የሚመታው በትር የራሱንም ጆሮ ያስታወሰው ይመስለናል፤ ይህ ግምታችን ነው፥ አንባቢ ሊቃወመን ይችላል። ያም ሆነ ይህ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ አእምሮው ሥራውን ያቆመበት ቀን እስኪደርስ ድረስ 16 ዓመት ገደማ ነበር። በመካከሉ በ1729 ስለ አየርላንድ ድሆች ልጆች የጻፈውን ያን አስፈሪ የምጸት ጽሑፍ አሳትሟል፤ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በቦታው የተቀመጠ ነው። እንዲህ ያለ እብድ በየፋኩልቲው አንድ አንድ በኖረልን።

በ1727 ለመጨረሻ ጊዜ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በትዊከናም ከወዳጁ ከባለቅኔው ፖፕ ቤት ተቀመጠ። እዚያ ሳለ አዙሪቱና ድንቁርናው ተባብረው መጡበት። ፖፕ በተፈጥሮው ድምፁ ደካማ ነው፤ ስዊፍት አይሰማም፤ ሁለቱ በዘመኑ ካሉ ጨዋታ አዋቂዎች ሁሉ የላቁት ሰዎች በአንድ ቤት ተቀምጠው መነጋገር አልቻሉም። ስዊፍት ሸክም ላለመሆን ሲል ቤቱን ጥሎ ለንደን ወደሚኖር ዘመዱ ሄደ። ከዚያው ሳለ ስቴላ በሞት አፋፍ ላይ መሆኗን የሚነግር ደብዳቤ ደረሰው። በሴፕቴምበር ሆሊሄድ ወደብ ደረሰ፤ ነፋስ እንቢ አለ። በዚያች ምናምን በሌለባት ወደብ ሳምንት ያህል መርከብ ሲጠብቅ ቀኑን ለማሳለፍ የጻፈው ማስታወሻ ዛሬም አለ፤ ከአንዲት ድንጋያማ ጫፍ ወደ ሌላዋ ይራመዳል፥ ዝናብ ይመታዋል፥ ስለ ምግቡ ያማርራል፥ ስለ ስቴላ ያለውን ፍርሃት ግን በጥቂት ቃል ብቻ ያስታውሳል።

ስቴላ ጃንዋሪ 28 ቀን 1728 ከምሽቱ ሞተች። ስዊፍት ያን ሌሊት ከእንግዶቹ ከተለየ በኋላ ተቀምጦ የሕይወቷን ታሪክ መጻፍ ጀመረ። የቀብሯ ዕለት ሌሊት ግን መነሣት አልቻለም፤ በሽታው ጥሎት ነበር። ቀብሩ በራሱ ካቴድራል ነው፤ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሆኖ የቤተ ክርስቲያኑ መብራት ይታያል። መብራቱን እንዳያይ አልጋውን ወደ ሌላ ክፍል አዛወሩለት፤ እዚያም ሆኖ መጻፉን ቀጠለ። ካነበብናቸው የስዊፍት ጽሑፎች ሁሉ ይህችን አጭር ጽሑፍ እናስበልጣለን።

ከዚህ በኋላ ሕይወቱ እየጠበበ ሄደ። በ1734 ስለ ማዞሩና ስለ ድንቁርናው በላቲንም በእንግሊዝኛም ግጥም ጻፈ፤ በራሱ ላይ መሳቅ አልተወም። በ1736 የአየርላንድን ፓርላማ የሚነቅፍ ረጅም ግጥም ሲጽፍ ብርቱ አዙሪት መጣበትና ሳይጨርሰው ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ረጅም ሥራ አልሞከረም ይባላል። በ1740 ለዘመዱ የጻፋት የመጨረሻ ከሚባሉት አንዷ የሆነች ደብዳቤ ሌሊቱን በሥቃይ ማደሩን፥ አለመስማቱንና የቀረው ቀን ጥቂት መሆኑን ትናገራለች። በ1742 አንድ መርማሪ ጉባኤ ተሰብስቦ ራሱንና ንብረቱን ማስተዳደር እንደማይችል ፈረደ፥ ሞግዚቶችም ተሾሙለት። በዚያው ዓመት ግራ ዐይኑ የዕንቍላል ያህል አብጦ፥ ከሕመሙ ብዛት ዐይኑን በእጁ እንዳያወጣው አምስት ሰዎች ይይዙት ነበር። እብጠቱ ጐድሎ ሥቃዩ ሲያልፍ ዝም አለ፤ ቃል መናገር ከበደው። ኦክቶበር 19 ቀን 1745 በ77 ዓመቱ ዐረፈና በካቴድራሉ ከስቴላ አጠገብ ተቀበረ።

ወሬኞች ሳይቀበር ጀመሩ። ሳሙኤል ጆንሰን፥ ይኸው እኛ በራስሴላስ ልብ ወለዱ የምናውቀውና ሲራክ ኅሩይ በአማርኛ የተረጐመው ጸሐፊ፥ በ1749 ባወጣው ግጥም የስዊፍትን መጨረሻ የውርደት ምሳሌ አድርጎ አሳለፈው። መቶ ዓመት ቈይቶ ልብ ወለድ ጸሐፊው ታከሪ በ1851 በሰጠው ንግግር ሰውየውን በጨለማ ቀለም ሣለው። ለሁለቱም ታላቅነት አክብሮት አለን፤ ነገር ግን በዚህ ጕዳይ አንዳቸውም በሽታውን አልጠየቁም። የጠየቀው ሐኪም ነው። በ1835 የከርሰ ምድር ውሃ የካቴድራሉን መቃብሮች ሲያበላሽ የስዊፍትና የስቴላ ሣጥኖች ተከፈቱ፤ ያኔ የአገሩ ሳይንቲስቶች ማኅበር በደብሊን ተሰብስቦ ነበርና፥ የራስ ቅል እየለኩ ጠባይ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች የሁለቱን ቅል ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀባብሉ ከርመው መለሱት። ምንም አልተጠቀሙበትም። የደብሊኑ የጆሮና የዐይን ሐኪም ዊልያም ዋይልድ፥ የደራሲው የኦስካር ዋይልድ አባት፥ በ1849 የስዊፍትን የመጨረሻ ዓመታት በመጽሐፍ መርምሮ ሰውየው ከ1742 በፊት አብዶ እንዳልነበረ፥ ከዚያም በኋላ የደረሰበት የአንጎል ሕመምና የእርጅና ድካም እንጂ እብደት እንዳልሆነ ተከራከረ። በአማርኛ ብንለው ጃጀ እንጂ አላበደም። ነገር ግን ዋይልድ የጆሮ ሐኪም ሆኖ ሳለ የማዞሩን ቍልፍ ከእጁ አላገኘም።

ቍልፉ የተገኘው በፓሪስ ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ ብርቱ አዙሪት የመጣበትን ሰው ሐኪሞች ደም ወደ አንጎሉ ወጥቶበታል እያሉ ያደሙት ነበር። በፓሪስ የደንቆሮዎች ትምህርት ቤት ሐኪም የነበረው ፕሮስፔር ሜኒዬር በጃንዋሪ 1861 ለሕክምና አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ፥ አዙሪት፥ የጆሮ ጩኸትና የመስማት ድካም አብረው የሚመጡበት በሽታ ምንጩ አንጎል ሳይሆን የውስጥ ጆሮ መሆኑን አሳወቀ። ፍሉረንስ የተባለው ሊቅ ከ1820ዎቹ ጀምሮ የርግቦችን የጆሮ ቱቦ እየቈረጠ ርግቦቹ ሲሽከረከሩ ማሳየቱ ለክርክሩ ረድቶታል። የሰሙት አልተቀበሉትም፤ ሜኒዬርም በማግሥቱ ዓመት ሞተ። በ1938 ነው በእንግሊዝ አገርም በጃፓንም የሞቱ በሽተኞች ጆሮ ሲመረመር የውስጡ ፈሳሽ ከመጠን በላይ ሞልቶ መገኘቱ የተረጋገጠው። ፈሳሹ ለምን እንደሚሞላ ግን እስከ ዛሬ በርግጥ አልተለየም፤ ጨው መቀነስ፥ አንዳንድ መድኃኒቶችና ለባሰበትም የጆሮ ቀዶ ጥገና ማስታገሻ ናቸው።

በ1882 ባክኒል የተባለው እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም የስዊፍትን ደብዳቤዎችና ደብተሮች ሰብስቦ አነበበና የዲኑ በሽታ የሜኒዬር በሽታ እንደ ሆነ ጻፈ። መቃብር ላይ የሚደረግ ምርመራ ምንጊዜም ክርክር አያጣውም፤ በሽታው ባብዛኛው ከ40 ዓመት በኋላ የሚጀምር ሲሆን ስዊፍትን በ23 ዓመቱ ገደማ መያዙን የሚያነሡ አሉ። ይሁን እንጂ የዛሬ ሐኪሞች አብዛኞቹ ይስማሙበታል። ያለውን ሁሉ መዝግቦ የተወላቸው በሽተኛው ራሱ ነው፤ በዳቦና በሻማ ሒሳብ ጎን።

ሀብቱን፥ ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ፥ በኑዛዜው የተወው በደብሊን የአእምሮ ሕሙማን ሐኪም ቤት እንዲሠራበት ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዎች እንደ አውሬ ታስረው ትርኢት በሚሆኑበት ዘመን ነው ይህን ያሰበው። በ1746 የንጉሥ ፈቃድ ወጣ፤ በ1757 የመጀመሪያዎቹ በሽተኞች ገቡ። ሐኪም ቤቱ የቅዱስ ፓትሪክን ስም እንደ ያዘ ዛሬም እዚያው ከተማ በሽተኞች ይቀበላል።